የተማሪው ውጤት ይታወቃል፣ የመምህራን ኮሌጁስ?

የእህቴ ልጅ መምህርት ለመሆን ቆርጣ ተነሣችና “ጋሼ፣ ከሁለቱ ኮሌጆች የትኛው ይሻለኛል?” ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል መሰለኝ። የተማርኩት ሕግ ነውና ማስረጃ ማሰባሰብ ለእኔ እንግዳ ሥራ አይደለም። ወደ አንደኛው ኮሌጅ ሄጄ፣ ከምሩቆቻችሁ ምን ያህሉ የሙያ ብቃት ምዘናውን ያልፋሉ፣ ሠልጣኞቹስ ከመመረቃቸው በፊት ለስንት ሳምንት ክፍል ገብተው ያስተምራሉ ብዬ ጠየቅሁ። ሬጅስትራሩ ወደ ዲኑ ላከኝ። ከዲኑ ቢሮ ደግሞ “ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ያምጡ” ተባልኩ። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አልተገኘም። ልጅቷም ለቤቷ የሚቀርበውን መርጣ ተመዘገበች።

ነገሩ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምኩ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። ይህን ሁሉ የምናውቀው ትምህርት ሚኒስቴር በአደባባይ ስለነገረን ነው። መራራ ቢሆንም ደግ አድርጓል። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ስንት እንደሆኑ ጭምር ሰምተናል። ተማሪውና ትምህርት ቤቱ እንዲህ ሲመዘኑ፣ መምህሩን ያሠለጠነው ተቋም ስም ግን አይነሣም።

ለውድቀቱ ተጠያቂው መምህሩ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የክፍሉ መጨናነቅ፣ የደመወዙ ማነስ፣ የሰላም መጥፋት ሁሉም ድርሻ አላቸው። የመምህራን ሥልጠናው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ግን በቅድሚያ መረጃው መታየት አለበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ከሥር ተለወጠ ተባለ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን መጀመሪያ በትምህርት ዓይነታቸው ዲግሪ ይዘው በኋላ ለአንድ ዓመት ስለማስተማር ሙያ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ከእነዚህ ለውጦች የትኛው የተሻለ መምህር እንዳፈራ፣ ተራው ዜጋ ሊያገኘውና ሊረዳው በሚችል መልኩ ተዘጋጅቶ ሲቀርብ እኔ አላየሁም።

ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካላት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም፣ የመረጃ ነፃነት ክፍሉ ጸንቶ ቆይቷል። የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ስለዚህ በክልል ትምህርት ቢሮዎች ሥር ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ከዚህ ግዴታ ውጪ አይደሉም። ለጥያቄው በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት ይገባል። የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

እርግጥ ቁጥር ስለተለጠፈ ብቻ እውነቱ ወጣ ማለት አይደለም። አሜሪካኖች በ1998 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ትምህርት ሕጋቸውን አሻሽለው፣ መምህራን የሚያሠለጥኑ ተቋማት የምሩቆቻቸውን የፈቃድ ፈተና ውጤት ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አስገደዱ። ብዙ ተቋማት ታዲያ ፈተናውን ያላለፈ ሠልጣኝ “ሥልጠናውን አጠናቀቀ” እንዳይባል አደረጉ። ያጠናቀቁት ሁሉ ያለፉ ስለሆኑ ውጤቱ መቶ በመቶ ሆኖ ቁጭ አለ! ከዚህ የምንማረው ያለፉትን ብቻ ሳይሆን የገቡትን፣ ያቋረጡትንና የተፈተኑትን ሁሉ መቁጠር እንደሚያስፈልግ ነው።

በእኔ እምነት እያንዳንዱ ኮሌጅ በየዓመቱ አንድ ገጽ ቢያወጣ ይበቃል። የገቢዎቹ የመግቢያ ውጤት፣ የገቡትና የተመረቁት ብዛት፣ በትምህርት ቤት የተለማመዱበት ጊዜ፣ የአሠልጣኞቹ የትምህርት ደረጃ፣ የምሩቃኑ የምዘና ውጤት ይስፈርበት። ኮሌጆቹ “የሚላክልን ደካማ ውጤት ያለው ተማሪ ነው፣ በእኛ ላይ ለምን ይፈረዳል?” ቢሉ ተገቢ ቅሬታ ነው። መልሱ ግን መረጃውን መደበቅ ሳይሆን የመግቢያ ውጤቱንም አብሮ ማሳየት ነው። ከደካማ ተማሪ ጎበዝ መምህር ያወጣ ኮሌጅ ካለ፣ ያ ኮሌጅ ሊመሰገንና በጀት ሊጨመርለት ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን!

የእህቴ ልጅ ነገ ተመርቃ የሰው ልጅ ልታስተምር ክፍል ትገባለች። በደንብ ሠልጥና ይሁን ሳትሠለጥን፣ ወላጆቹም እርሷም የሚያውቁበት መንገድ የለም። ስለዚህ እኔ ያንኑ ጥያቄዬን በጽሑፍ አድርጌ፣ የአዋጁን ቁጥር ጠቅሼ፣ ለኮሌጁ አስገብቻለሁ። 30ውን ቀን እየቆጠርኩ ነው።