ደርቦ የቆመው መኪና

ቦሌ መንገድ ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ የሚወርድ አሽከርካሪ አይጠፋም። «አሁን መጣሁ» ይላል። ከኋላው ሁለት የነበረው መስመር አንድ ይሆናል፤ የተዘጋበት ሰው ክላክስ ይነፋል፤ የፓርኪንግ ሠራተኛዋ ባለመኪናውን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሣው ጠባይን ነው፤ ሰው አለመቁጠር ነው እንላለን። ልክ ነው። ነገር ግን ይህን ጠባይ ያሳደገው ከተማው ራሱ ነው፤ የችግሩንም ዕዳ የሚከፍለው ከሁሉም በላይ መኪና የሌለው ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከመሬት በታች ነው። በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የበቀሉ ብዙ ሕንፃዎች ፕላናቸው ሲጸድቅ ምድር ቤታቸው የመኪና ማቆሚያ ነበር። ግንባታው ሲያልቅ ግን ምድር ቤቱ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የምሽት ቤት ሆኖ ተገኘ። ኪራዩ ከመኪና ማቆሚያ ክፍያ ጋር ስለማይወዳደር ለባለሕንፃው ነገሩ ግልጽ ነበር። የከተማው አስተዳደር ቦታዎቹ ወደ ማቆሚያነት እንዲመለሱ በተለያየ ጊዜ አዝዟል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለሕንፃው እንግዶች የታሰበው ቦታ በጠፋ ቁጥር መኪኖቹ መንገድ ላይ ይወጣሉ። የአንዱ ትርፍ የሁሉም መጨናነቅ ሆነ ማለት ነው።

የማቆሚያ ቦታ እጥረት የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ የተተከለው በመሐል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ ስለማያነሡ፣ ገበያተኛውም ቦታ ስላጣ ነበር። ክፍያው በሰዓት አምስት ሳንቲም ነበር። የዚያ ሳንቲም ዋና ሥራ ገቢ ማምጣት ሳይሆን ሰውን «ሌላም የሚጠብቅ አለ» ብሎ ማስታወስ ነበር። በሎስ አንጀለስ ያስተምሩ የነበሩት ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህንኑ ሐሳብ አጠናከሩት፦ የመንገድ ዳር ቦታ ነፃ ወይም እጅግ ርካሽ ሲሆን አሽከርካሪው ቦታ ፍለጋ ሲዞር መንገዱን ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ዋጋው በየመንገዱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲሆን አድርጎ መተመን አለበት።

በእኛ ከተማ ክፍያውን የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። መኪናው የገባበትን ሰዓት የጻፉበትን ወረቀት ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካሉ፤ «ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ በቃ!» እያሉ ጠባብ ቦታ ውስጥ ያስገባሉ። ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው የሚሠሩት ሥራ የሚገባውን ያህል አይከበርም። ሥልጣናቸው ደግሞ ብር መቀበል ላይ ያበቃል። ደርቦ ያቆመውን ይለምኑታል እንጂ አያዙትም። ታርጋ የሚፈታው፣ ቅጣት የሚጽፈው በዋናነት ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስቀለኛው ላይ መኪና በማስተላለፍ ተጠምዷል። ጥፋቱን የሚያየው ሰው መቅጣት አይችልም፤ መቅጣት የሚችለው ደግሞ ጥፋቱን አያየውም።

ቦታ መጨመሩ አልቀረም። መገናኛ ላይ መኪና በሊፍት የሚደረድረው ዘመናዊ ማቆሚያ ተተክሏል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው መስቀል አደባባይ ደግሞ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ የምድር ውስጥ ማቆሚያ አለው። በኮሪደር ልማቱም ከመንገድ የወጡ ማቆሚያዎች ተሠርተዋል። ጥሩ ነው። ሆኖም ጉዳዩ ያለበት ሱቅ በር ላይ በነፃ ደርቦ መቆም የሚችል ሰው ከፍሎ፣ ከዚያም አምስት ደቂቃ በእግሩ እንዲሄድ የሚያደርገው ምን ምክንያት አለው?

በእግር መሄድ ካልን አይቀር ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ የእግረኛ ከተማ ናት፤ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ በእግረኛ መንገድና በማቋረጫ ላይ መኪና ማቆምን ይከለክላል። አንድ መኪና ሁለት ጎማውን የእግረኛ መንገድ ላይ ሲሰቅል ልጅ ያዘለች እናት ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። በነጭ በትር የሚሄድ ዓይነ ስውር ትናንት ክፍት የነበረው መንገድ ላይ ዛሬ ብረት ይገጥመዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደግሞ መውረጃም ስለሌለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ለእኔ ሌላውን መኪና ከዘጋው ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ የተዘጋበት አሽከርካሪ ቢያንስ ክላክስ አለው።

በሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር ድንኳን መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ማንም ግን አይቆጣም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ እድርተኛው ቆሞ በሌላ መንገድ ያሳልፋል፤ ነገሩም ሲያበቃ ይነሣል። መንገድ መዘጋቱ ብቻውን ሰውን አያስከፋም። የሚያስከፋው ሳይጠየቅና ሳይነገረው ሲዘጋበት ነው። ስልክ ቁጥሩን ጽፎ መስታወቱ ላይ የሚያስቀምጥ አሽከርካሪ ይህን የተረዳ ሰው ነው።

ሌሊት ደግሞ ጥያቄው ወደ ኮንዶሚኒየም ግቢ ይገባል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠሩት እነዚህ ቤቶች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ነዋሪ የታሰቡ ስለነበሩ ለመኪና የተተወላቸው ቦታ ጥቂት ነው። መኪናው ሲበዛ የልጆች መጫወቻና ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ተያዘ። «ይህ የእኔ ቦታ ነው» የሚል ድንጋይና ጎማ ተቀመጠ፤ የብሎክ ኮሚቴ ስብሰባ በዚሁ ጭቅጭቅ ተሞላ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው ሕግ መኪና የሚያስመዘግብ ሰው በቅድሚያ ማቆሚያ እንዳለው እንዲያረጋግጥ አድርጋለች። ያንን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ቤቱ ያለ ማቆሚያ ለተሠራበት ሰው በደል ይሆናል። «የት ታሳድረዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ግን አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድም መኪና ሲገዛም መጠየቅ አለበት።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ወደ ግቢዎቹ የሚገቡት አዳዲስ መኪኖች የኤሌክትሪክ ናቸው። እነዚህ ሌሊቱን ቆመው ቻርጅ የሚደረጉበት ቋሚ ቦታ ይፈልጋሉ። እስካሁን ጠቡ ቀድሞ በገባና ዘግይቶ በመጣ መካከል ነበር። ከእንግዲህ ቦታው የማን ነው፣ ገመዱ በየት ያልፋል፣ መብራቱስ በማን ቆጣሪ ላይ ይቆጠራል የሚለውም ይጨመርበታል፤ ኮሚቴዎቹ ይህን መኪኖቹ ሳይበዙ ተነጋግረው በጽሑፍ ቢያሰፍሩት ይሻላል።