ብዙውን በጥቂት፦ የዜማ ቅንብር በኢየሩሳሌም

ለሰማንያና ለመቶ ሙዚቀኞች የተደረሰውን ዜማ ለጥቂት ሰዎች፣ ያውም ደራሲው ላላሰባቸው መሣሪያዎች አስማምቶ እንደገና መሥራት ቅንብር ይባላል፤ ይህን ጥበብ በሀገራችን ካስፋፉት መካከል ቀዳሚዎቹ በኢየሩሳሌም፣ ከዴር ሡልጣን ገዳማችን ብዙም በማይርቀው በአርመኖች ሰፈር፣ በፓትርያርካቸው ጥላ ሥር ያደጉ ወላጅ አልባ ብላቴኖች ናቸው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ቅዱሳት መካናትን በተሳለሙ ጊዜ የእነዚህን ልጆች የነሐስ ባንድ ሰምተው እጅግ ስለተደሰቱ፣ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» መባላቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

የነሐስ ባንድ አውታር የለውም። ስለዚህ አቀናባሪው የጎደለው መሣሪያ ምን አገልግሎት ይሰጥ እንደነበረ መርምሮ፣ የቫዮሊኑን ድርሻ ለክላርኔት ወይም ለኮርኔት፣ የባሱን ለቱባ ያወርሳል፤ ወራሹ ሁሉ ግን እኩል አቅም የለውም። ቫዮሊን መቺው ደጋኑን እየመለሰ አንዱን ድምፅ እስከወደደው ድረስ ሲያዘልቀው፣ ለነፊው መተንፈስ ግድ ነውና፣ ረጅሙ ድምፅ ለሁለት ሰዎች ይሰጥና አንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ሌላው ይዞት ይቆያል። ደግሞ ክላርኔቱና ኮርኔቱ በተለመደው አሠራራቸው «ዶ» ተብሎ የተጻፈላቸውን ሲነፉ ለጆሮ የሚደርሰው አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ ወረቀታቸው በዚያው ልክ ከፍ ተደርጎ መጻፍ አለበት፤ ይህ ዓይን የሚያፈዝ ድካም ነው፣ ከሊቅ ይልቅ ትዕግሥተኛ ጸሐፊ ይሻላል።

በጥቂት መሣሪያ ብዙ መሥራት ለካህናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ማኅሌት የሚቆሙት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ብቻ ሲሆን፣ አንዱን የያሬድ ዜማ በቁም ጀምረው በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እየለወጡ ያደርሱታል፤ ለውጡ የሚገኘው ከአካሄዱ እንጂ መሣሪያ ከመጨመር አይደለም።

ከኬቮርክ ቤተሰብ የተገኙት ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የኢትዮጵያን ዜማ ለዘመናዊ መሣሪያ አቀናብረዋል። በዚህ ሥራ የገባ ሁሉ የሚገጥመው ፈተና አለ፦ ትዝታ ቅኝት «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» ብሎ በአምስት ድምፅ ሲያበቃ፣ የአውሮፓ ልማድ ለ«ሬ» አጃቢ ይሆነው ዘንድ «ፋ»ን ይጠራለታል፤ «ፋ» ከገባ ደግሞ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። በእኔ አስተያየት አጃቢው ከዚያው ከአምስቱ መካከል ቢፈለግ፣ ካልተገኘም ዜማው ብቻውን ቢተው ይሻላል። ጥቂት አጃቢ እንደሚበቃ ምሳሌ አለን፦ በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ መንገድ ባለው በደብረ ገነት ገዳም ኖረው በ2015 ዓ.ም. ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለፒያኖ በደረሷቸው ዜማዎች ቀኝ እጃቸው ዜማውን እንደ ልቡ ሲያዞረው፣ ግራው በጥቂት ድምፆች ብቻ ይከተለዋል።