በነጻ የተገኘ ሁሉ ነጻ አይደለም
ስለ ዲጂታል ትምህርትና ክፍት የትምህርት መርጃዎች፦ ተረትና እውነታ

በየዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ የተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የትምህርታችን ግማሽ አካል ናቸው። ሴሚስተር ሲጀመር የክፍል ተወካዩ ከመምህሩ አንድ መጽሐፍ ይቀበልና እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው በየተራ እየሄደ ያስባዛል። የእኔም የስታትስቲክስ መጽሐፍ የመጣው እንዲሁ ነበር። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ግራፎቹ ጠቁረው ጥላ መስለዋል፤ ከመካከሉ አራት ገጽ የለም። ለፈተና ስዘጋጅ የጎደሉትን ገጾች ፍለጋ ከዶርም ዶርም ዞሬያለሁ። የሁሉም መጽሐፍ እዚያው ላይ ነበር የጎደለው።

ዛሬ መምህር ሆኜ ስመለከተው መጽሐፉ ፒዲኤፍ ሆኗል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል። ጥራቱ ተሻሽሏል፣ ገጽም አይጎድልም። ከመምህራንም ከተማሪዎችም የምሰማው ግን «ኢንተርኔት ላይ በነጻ ካገኘሁት የእኔ ነው» የሚል እምነት ነው። ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይልቃል። እንግሊዝኛ ገንዘብ ያልተከፈለበትንም ነገር፣ አርነት ያለውንም ነገር በአንድ ቃል ይጠራል። እኛ ግን አንዲት «በ» አለችን። «በነጻ» ስንል ሳንከፍል አገኘነው ማለታችን ነው፤ «ነጻ» ስንል ግን የሚይዘው የለም ማለታችን ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው የታወቀ አሳታሚ መጽሐፍ በነጻ ተገኘ እንጂ ነጻ አይደለም። በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ለኢትዮጵያ ተቋማት የሚከፈቱት የሕክምናና የግብርና መጽሔቶችም እንደዚያው ናቸው። በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ክፍያ እናነባቸዋለን፤ ተርጉመን ወይም ቀይረን ለማሰራጨት ግን ያ ብቻ መብት አይሰጠንም።

ሕጉም ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መመዝገብ አያስፈልገውም። ስለዚህ ስለ ፈቃድ አንድ ቃል ያልተጻፈበት ሰነድ ዝግ ነው እንጂ ክፍት አይደለም። አዋጁ ለማስተማር ሲባል የሚደረግን ማባዛት ለይቶ ይፈቅዳል፤ ግን ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክና ከተገቢው አሠራር ሳይወጣ ነው። ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ ለክፍል ማባዛትና መጽሐፉን ሙሉውን ለሺህ ሰው መልቀቅ አንድ አይደሉም።

ባለቤቱ ራሱ በፈቃድ ለሁሉም የከፈተው የማስተማሪያ ሥራ ግን ስሙ «ክፍት የትምህርት መርጃ» ነው፤ ስያሜው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2002 ዩኔስኮ ፓሪስ ላይ በጠራው ስብሰባ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የኮርሶቹን ማስተማሪያዎች ለዓለም እንደሚለቅ አስታውቆ ነበር። በዚያው በ2002 መጨረሻ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተሰኘው ድርጅት ባለሥራዎች በሥራቸው ላይ የሚያትሟቸውን ፈቃዶች አወጣ። መምህሩ መልመድ ያለበት እነዚህን ፈቃዶች ማንበብ ነው፤ ከባድ አይደለም። «ሲሲ ባይ» የሚለው ስሜን ጥቀስ፣ የለወጥከውን ግለጽ፣ ከዚያ ወዲያ እንደፈለግህ አድርገው ይላል። «ኤንሲ» ከተጨመረበት ለንግድ አታውለው ማለት ነው። «ኤንዲ» ከተጨመረበት ግን የቀየርከውን አታሰራጭ ማለት ነው፤ ትርጉምም እንደ መቀየር ይቆጠራል። ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ መልሶ ለማሰራጨት ላሰበ መምህር ይህ ትንሽ ምልክት በሩ መከፈቱን ወይም መዘጋቱን የሚነግረው ነው። እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተርጉሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያየሁት። የሁለት ወር ሥራዬ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው እምነት «በነጻ የሚሰጥ ነገር ጥራት የለውም» የሚለው ነው። እምነቱ ከገበያ ልምዳችን የመጣ ስለሆነ ይገባኛል፤ ርካሽ ጫማ ክረምቱን አይሻገርም። ክፍት መጽሐፍ ግን ርካሽ ዕቃ አይደለም። ወጪው ቀድሞ የተከፈለ ነው፤ ከፋዩ ተማሪው አይደለም እንጂ። በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኦፕንስታክስ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ተጽፈው፣ በምሁራን ተገምግመው የወጡ ናቸው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 21,822 ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሳትመው ነበር። ኮርሶቹ ከተሸጠ መጽሐፍ ወደ ክፍት መጽሐፍ ሲዛወሩ የተማሪዎቹ ውጤት ተሻሻለ፤ የወደቁትና ኮርሱን ያቋረጡት ቁጥርም ቀነሰ። በተለይ የተጠቀሙት የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ የሚያገኙት ተማሪዎች ነበሩ። ምክንያቱን ለመገመት ምሁር መሆን አያሻም። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ያለ ተማሪና እስከ ሚድ ኤግዛም ተራ የሚጠብቅ ተማሪ አንድ ኮርስ እየተማሩ አይደለም።

«እኛ አገር ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። ዩኒቨርሲቲዎች በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን ይቀጥል ተባለ፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ያኔ ትምህርቱን ሁሉ በቀጥታ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ያንጠለጠለ መምህር ባዶ እጁን ቀረ። ከዚህ የምረዳው ግን ሌላ ነው፦ ዲጂታል ማለት ኦንላይን ማለት አይደለም። ሙድል የተባለው የኮርስ ማስተዳደሪያ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ከተጫነ ተማሪው ወደ ውጭው ኢንተርኔት ሳይወጣ በግቢው ዋይፋይ ብቻ አሳይመንቱን ያስገባል፣ ኩዊዙን ይሠራል። ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም ሙሉ ውክፔዲያን በፍላሽ ያስይዛል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የተሰኙት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማሳያዎች ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ይህን ሥራ የጀመረው የ2001 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን ነው። የኤሌክትሪክ ዑደት መለማመጃ ዕቃ በሌለበት ላብራቶሪ አምፖሉ ሲበራ ሲጠፋ በስክሪን ማየት የቱን ያህል እንደሚጠቅም ያስተማረ ያውቀዋል።

በእርግጥ መብራት ከጠፋ ሰርቨሩም ይጠፋል። ይህን አልክድም። ስለዚህም ነው ሁልጊዜ የታተመ ቅጂ ላይብረሪ የማስቀምጠው፤ ክፍት ፈቃድ ማተምንም ይጨምራልና። አብዛኛው ተማሪ የሚያነበው በላፕቶፕ ሳይሆን በስልክ መሆኑንም አንርሳ። ሁለት መቶ ሜጋባይት የሆነ ፋይል መላክ ከተማሪው ፓኬጅ ላይ መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ወደ እኛ ወደ መምህራን የሚጠጋ ነገር አለ። ስላይድ ፕሮጀክተር ላይ ስላበራን፣ ፒዲኤፍ ግሩፕ ውስጥ ስለጣልን «ዘመናዊ ማስተማር» የጀመርን ይመስለናል። ከስላይድ እያነበበ የሚያስተምር መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፍ ከነበረው መምህር የተለየ ነገር አላደረገም፤ እንዲያውም ያኛው ሲጽፍ ተማሪው ለማሰብ ጊዜ ያገኝ ነበር። ለውጥ የሚያመጣው ተማሪው በክፍለ ጊዜው ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ነው። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ሰፊ ትንታኔ በሳይንስና በሂሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች 33.8 በመቶ ተማሪ ሲወድቅ፣ ተማሪው በሚጠየቅባቸውና በሚወያይባቸው ክፍሎች የወደቀው 21.8 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መረመረ፤ የቪዲዮው ርዝመት ምንም ይሁን ምን የተማሪዎቹ ትኩረት መካከለኛ ርዝመት (ሚዲያን) ቢበዛ 6 ደቂቃ ነበር። የሃምሳ ደቂቃ ሌክቸር ቀርጾ መልቀቅ ታዲያ ለማን ነው? አጭር ቪዲዮ ቤት ይዩ፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ይሥሩ።

«መምህሩ ሥራ ያጣል» የሚለው ስጋት ከዚሁ ጋር ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2017-18 የትምህርት ዓመት በኤም አይ ቲና በሃርቫርድ ክፍት የኦንላይን ኮርሶች ውስጥ ከተመዘገበው ሁሉ የጨረሰው 3.13 በመቶ ብቻ ነበር። የዓለም ምርጥ ሌክቸር ብቻውን ሰው አያስተምርም።

«የዛሬ ልጅ ከቴክኖሎጂ ጋር ነው የተወለደው» ሲባልም ልቤ አይቀበልም። ቲክቶክ በአውራ ጣቱ የሚያገላብጥ ተማሪ ኪቦርድ ላይ ሁለት መስመር ለመጻፍ አሥር ደቂቃ ሲወስድበት በየዓመቱ በፍሬሽማን ክፍል አያለሁ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናው ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ይህ ክፍተት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ልጁ የሚያውቀውን ሳይሆን የጣቱን ፍጥነት እንዳንፈትን አስቀድመን ማስለመድ አለብን።

የመጨረሻው ተረት የእኛው የመምህራን ነው፦ «ሃንድአውቴን ከለቀቅሁ ይሰረቃል»። በእውነቱ አሁንም እየተሰረቀ ነው። ተማሪው በስልኩ ፎቶ አንስቶታል፣ ሌላ ግቢ ውስጥ ስማችን ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ገብቶበታል። ፈቃድ ጽፎ ቀን አስፍሮ በተቋሙ ማከማቻ ያስቀመጠ ሰው ግን ሥራው የእሱ ለመሆኑ ማስረጃ አለው። በመስከረም 2012 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮችና የመመረቂያ ጽሑፎች በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ይጠይቃል። የማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ከዚያ የሚርቁበት ምክንያት አይታየኝም።

ሲለቀቅ ግን ሊነበብ በሚችል መልኩ ይለቀቅ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች የተጻፈ አማርኛ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። ስካን የተደረገ ገጽ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሥዕል ብቻ ነው፤ ማየት የተሳነው ተማሪ በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ሊሰማው አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰነድ ክፍት ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

እኔ የማስተምርበት መጽሐፍ ባርባራ ኢሎውስኪና ሱዛን ዲን የተባሉ የካሊፎርኒያ ኮሌጅ መምህራን የጻፉት የስታትስቲክስ መግቢያ ነው። ኦፕንስታክስ አሳትሞታል፣ ፈቃዱ «ሲሲ ባይ» ነው። ውስጡ አንድ መልመጃ አለ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ክብደት በፓውንድ ተዘርዝሯል። ተማሪዎቼ ቡድኑን አያውቁትም፣ ፓውንዱንም አይመዝኑበትም። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ አውጥቼ በምትኩ ከእህል በረንዳ በተከታታይ ቀናት ያሰባሰብኩትን የጤፍ ኩንታል ዋጋ አስገባሁ። ክፍል ውስጥ አማካዩን አስልተው ሲጨርሱ ቤተሰቦቿ አድአ ጤፍ የሚያመርቱ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ የየትኛው ጤፍ ዋጋ ነው? የማኛ ነው የሰርገኛ?»

አልለየሁትም ነበር። አማካይ ብለን የደከምንበት ቁጥር የማንኛውም ጤፍ ዋጋ አልነበረም። የቀረውን ክፍለ ጊዜ በዚያው ጥያቄ ጨረስነው፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሳይለዩ አማካይ ማውጣት ምን እንደሚያበላሽ ከዚያ በተሻለ አስተምሬ አላውቅም። አሁን መልመጃው ማኛ፣ ነጭና ሰርገኛ ተብሎ በሦስት ረድፍ ተከፍሏል። ሰነዱ ሁለት ሜጋባይት አይሞላም፤ በፍላሽም በቴሌግራምም ይዞራል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኢሎውስኪና የዲን ስም፣ የፈቃዱ ዓይነትና የለወጥኩት ነገር ተጽፏል፤ ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከእኔ ሥር ደግሞ የዚያች ተማሪ ስም አለ።