ያልተመዘገበ ማኅበርስ ግብር አለበት? (በለንደን ካለ አንድ ዕድር የተነሣ ጥያቄ)

በዚህ ቡለቲን ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ርእሱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ አጎቴ ናቸው የመረጡልኝ።

አጎቴ ለንደን መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እዚያ ካሉ ያገር ልጆች ጋር ዕድር አላቸው። ድንኳንና ድስት የለውም እንጂ እንደ ሰፈራችን ዕድር ነው፤ አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፣ ሐዘን ሲደርስባቸው ይከፈላቸዋል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ዕድሩ ወጪውን ይችላል። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ አጎቴ ናቸው። አንድ ቀን ማታ ደወሉና "አንተ፣ አካውንቲንግ አይደል የምትማረው? እስቲ ይህን አስረዳኝ" አሉኝ። ለካ ባንኩ ፎርም ልኮ የዕድሩን የግብር መለያ ቁጥር ጠይቋቸዋል። "ንግድ የለን፣ ትርፍ የለን፣ የትም አልተመዘገብን፤ የምን ቁጥር ነው?" አሉ። እኔም ወዲያው "ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ማኅበር ግብር ከፋይ ሊሆን አይችልም" ብዬ መለስኩ። በክፍል የተማርነውን ያስታወስኩ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሕጉን ፈልጌ ሳነብ የመለስኩት ስሕተት ሆኖ አገኘሁት።

በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ማኅበር በእርግጥ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። በራሱ ስም ቤት መግዛት አይችልም፣ የኩባንያዎች መዝገብ ውስጥም የለም። የግብር ሕጉ ግን የራሱ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኮርፖሬሽን ታክስ ሕግ "ኩባንያ" ሲል የተመዘገበውን ድርጅት ብቻ ሳይሆን ያልተመዘገበውን ማኅበርም ጨምሮ ነው። ሽርክና ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ ዕድሩ ለኩባንያ መዝጋቢው ባዕድ ሆኖ ሳለ ለግብር ሰብሳቢው ኩባንያ ነው። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው፤ "አልተመዘገብንም" ማለት "አይመለከተንም" ማለት አይደለም።

ማኅበር የሚባለውስ የቱ ነው? ይህን ጥያቄ የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት የመለሰው በወግ አጥባቂው ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲሆን ፍርዱ በ1982 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለንግድ ላልሆነ የጋራ ዓላማ ተሰባስበው፣ አንዱ ለሌላው ግዴታ ገብቶ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያዝበትና ማን እንደሚገባ እንደሚወጣ የሚወስን ደንብ ሲኖራቸው ነው ማኅበር የሚሆኑት። የሚገርመው ፓርቲው ይህን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ከኮርፖሬሽን ታክስ ወጣ። የአጎቴ ዕድር ግን ባለ መተዳደሪያ ደንብ ስለሆነ አንድም ሳይቀር ያሟላል!

እዚህ ላይ "ታዲያ መዋጮው ሁሉ ግብር ሊቆረጥበት ነው እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አጎቴም ይህን ሲሰሙ የደነገጡት በዚሁ ነው። መዋጮው ግብር የለበትም። ምክንያቱ የጋራነት መርሕ የሚባለው ነው፤ ሰው ከገዛ ኪሱ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪሱ ቢጨምር አተረፈ አይባልም። የጌቶች ምክር ቤት በ1889 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ጉዳይ፣ አባላቱ ራሳቸው አዋጥተው የተረፋቸው ገንዘብ የንግድ ትርፍ እንዳልሆነ ወስኗል። ያ ኩባንያ አባላቱ እርስ በርስ የሚዋስኑበት ነበርና፣ በእኔ አስተያየት የዕድር የሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መርሑ ግን ከአባላቱ አጥር ውጭ አይሠራም። በ1913 እ.ኤ.አ. የካርላይልና ሲሎት የጎልፍ ክለብ ከአባላት ሌላ እንግዶችን እያስከፈለ ያጫውት ስለነበር ፍርድ ቤቱ ከእንግዶቹ የሚገኘው ትርፍ ግብር አለበት ብሏል። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የዕድሩ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ነው። አጎቴ ትኬቱ ለማንም እንደሚሸጥ ደጋግመው አጫውተውኛል። ለአባል የተሸጠው ትኬት የቤት ጉዳይ ነው፤ ለውጭ ሰው የተሸጠው ግን ንግድ ነው። ስለዚህ የበሩ ደብተር ላይ አባልና እንግዳ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ የአዳራሹና የምግቡ ወጪም በዚያው መጠን ይከፋፈላል።

ሁለተኛው የባንክ ወለድ ነው። ወለዱን የሚከፍለው ባንኩ ነው፤ ባንኩ ደግሞ የዕድሩ አባል አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ ግብር የሚመለከተው ገቢ ነው። ይህ ጉዳይ ለብዙ ዓመት ትንንሽ ማኅበራትን ያላስጨነቃቸው ወለዱ ከቁጥር የሚገባ ስላልነበረ ነው። የእንግሊዝ ባንክ መሠረታዊ የወለድ ምጣኔ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ 0.1 በመቶ ነበር፤ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. 5.25 በመቶ ደረሰ። እስቲ እናስላው። ዕድሩ 15,000 ፓውንድ አስቀምጧል እንበል። በ0.1 በመቶ በዓመት የሚያገኘው 15 ፓውንድ ነው። ባንኩ 4 በመቶ ሲከፍል ግን 600 ፓውንድ ይሆናል። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአነስተኛ ትርፍ የተወሰነው የግብር መጠን 19 በመቶ ስለሆነ ግብሩ 114 ፓውንድ ነው። በእንቁጣጣሹ 40 የውጭ ሰዎች በ20 ፓውንድ ገብተው 800 ፓውንድ ቢገኝ፣ የእነሱ ድርሻ ወጪ 500 ቢሆን፣ 300 ይተርፋል፤ ግብሩ 57። በድምሩ 171 ፓውንድ።

ቁጥሩን ያሰላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የብሪታንያ የገቢዎችና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ለአባላቱ ጥቅም ብቻ የቆመ ትንሽ ክለብ የዓመት ግብሩ ከ100 ፓውንድ አይበልጥም ተብሎ ሲገመት "የተኛ" አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ያን ጊዜ በየዓመቱ የግብር ማስታወቂያ አይጠየቅም። በ19 በመቶ ሲሰላ 100 ፓውንድ ግብር የሚያመጣው 526 ፓውንድ ገደማ ገቢ ነው። እንግዲህ ትናንት ተኝቶ የነበረ ማኅበር ምንም አዲስ ነገር ሳይሠራ፣ ወለድ ስለጨመረ ብቻ ሊነቃ ይችላል ማለት ነው። ሲነቃ የሒሳብ ዘመኑ ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ግብሩ የሚከፈለው ደግሞ ዘመኑ ካለቀ በኋላ 9 ወር ከ1 ቀን ሳያልፍ ነው። ቅጣቱ፣ ነገሩ ከቆየ፣ ከግብሩ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ሳይጠየቁ በፊት ራስን ማሳወቅ ግን ቅጣቱን ያቀልላል።

ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብዙ አልልም። እዚያ የጋራነት መርሕ አይሠራም፤ የአባላት መዋጮም ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን የመመዝገቢያው ጣሪያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 90,000 ፓውንድ ስለሆነ የአጎቴ ዕድር አጠገቡም አይደርስ።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሩ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው ግብሩን ማን ይጠየቃል? መልሱ በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው የታክስ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 108 ላይ አለ። እንዲህ ያለ ማኅበር ኃላፊ የሚባለው ገንዘብ ያዡ ነው፤ ግብሩም ከእሱ ሊጠየቅ ይችላል። በእጁ ከሚገባው የማኅበሩ ገንዘብ ላይ ቀንሶ መክፈል ይፈቀድለታል፤ ካልበቃ ማኅበሩ እንዲተካለት መብት አለው። ወረቀቱ የሚመጣው ግን በእሱ ስም ነው። ሰፈራችን ገንዘብ ያዥ የሚመረጠው "እሱ ታማኝ ነው" ተብሎ በጭብጨባ ነው፤ ለንደንም እንደዚያው ነው። አጎቴም በጭብጨባ የተቀበሉት ይህን ሁሉ ነበር።

ተመልሼ ደወልኩና "ጋሼ፣ ያን ቀን የነገርኩዎ ስሕተት ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው "ታዲያ እኔ ከቤቴ ልከፍል ነው?" አሉኝ። አንቀጹን አነበብኩላቸው፤ ገንዘቡ ገና በእጃቸው እያለ ጉባኤ እንዲጠሩም መከርኳቸው። ጉባኤው ተጠርቶ ግብሩ ከዕድሩ ካዝና እንዲከፈል፣ የበሩ ደብተርም እንዲለይ በቃለ ጉባኤ ተፈራረሙ። ለመሥሪያ ቤቱ ጽፈው ቁጥሩ በፖስታ መጣላቸው፤ አሥር አኃዝ ነው። የባንኩንም ፎርም ሞልተው መለሱ። በሚቀጥለው ምርጫ ገንዘብ ያዥነቱን ለሌላ ማስረከብ እንደሚፈልጉ ለአባላቱ ነግረዋል፤ እስካሁን ግን እጁን ያወጣ የለም።