ሚዛኑን ማን ይፈትሸው? ሒሳቡንስ ማን ይክፈል?

ባለፈው ሳምንት ከሠፈራችን 5 ኪሎ ሽንኩርት ገዛን። ቤት ገብተን በወጥ ቤቷ ትንሽ ሚዛን ሁለት ቦታ ከፍለን ብንመዝነው 4 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ። ተናደን ልንመለስ ስንል አንዱ ጓደኛችን «የእናንተዋ ሚዛን ትክክል መሆኗን በምን አወቃችሁ?» አለን። ዝም አልን። ሚዛኗን ከገዛናት ጀምሮ ማንም ፈትሿት አያውቅማ!

ሁለት ሚዛኖች ሲጣሉ የሚዳኛቸው ልኩ የተረጋገጠ ሦስተኛ ክብደት ነው። ያንን ክብደት ይዞ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። የያዘው ክብደት ራሱ በየጊዜው ከበላዩ ካለው ክብደት ጋር መመሳከር አለበት። በአገራችን የዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተቋማት ሲከፈል የተፈጠረ። ገበያ ወርዶ ሚዛንና የነዳጅ ማደያ ቀጂውን መፈተሽ ግን የንግድ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው።

«ለ50 ግራም ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። አንድ ሚዛን በኪሎ 50 ግራም ይበላል እንበል። ሱቁ በቀን 100 ኪሎ ከሸጠ በቀን 5 ኪሎ፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን 1,500 ኪሎ ማለት ነው። 15 ኩንታል! ከአንድ ሚዛን። ደግሞ ባለሱቁ ሌባ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሚዛን ያረጃል፣ ይወድቃል፣ አቧራ ይገባዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚጎዳው ሻጩ ራሱ ነው።

ታዲያ ወጪውን ማን ይሸፍን?

አንዱ መንገድ ከመንግሥት በጀት ነው። ተጠቃሚው ሁሉም ሰው ስለሆነ ሁሉም በግብር ይክፈል ነው ነገሩ። ችግሩ ግን በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው እንዲህ ያለው ዝም ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። መንገድ ሳይሠራ ቢቀር ሰው ይጮኻል፤ ሚዛን ሳይፈተሽ ቢቀር ማን ያውቃል?

ሌላው መንገድ ባለሚዛኑ ራሱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ፍተሻው የየካውንቲው ሥራ ሲሆን ሕጉ ካውንቲዎች ከነጋዴው ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። ጣሪያ ግን አለው፦ ለአንድ የንግድ ቦታ እስከ 100 ዶላር፣ በዚያ ላይ ለአንድ ተራ የሱቅ ሚዛን እስከ 20 ዶላር። ለከባድ መኪና ሚዛን በአንዱ እስከ 250 ይደርሳል፣ ምክንያቱም እሱን ለመፈተሽ ቶን ቶን የሚመዝን ብረት በመኪና ጭኖ መሄድ ግድ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው «ሊትል ኢትዮጵያ» በርበሬና ሽሮ በሚዛን የሚሸጥ የአገራችን ልጅም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

የሚፈቀደው ስህተትም በቁጥር የተቀመጠ ነው። ነዳጅ ቀጂው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሲፈተሽ፣ 5 ጋሎን (19 ሊትር ገደማ) ተቀድቶ ልዩነቱ ከ6 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ98 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ አላለፈም።

ክፍያውም የራሱ ጣጣ አለው። መሥሪያ ቤቱ የሚኖረው ከነጋዴው በሚሰበስበው ገንዘብ ከሆነ ብዙ ሚዛን ቶሎ ቶሎ አይቶ ምልክት መለጠፍ ያጓጓዋል። ክፍያው ከከበደ ደግሞ ትንሹ ነጋዴ ጭራሽ ሳይመዘገብ ይቀራል። (ጉልት ላይ ቲማቲም በመደብ ለምትሸጥ እናትማ ሚዛን የሚባል ነገርም የለም።) ከሁሉም የከፋው ግን ፈታሹን በቅጣት ገንዘብ ማኖር ይመስለናል፤ ጥፋት ካልተገኘ ደሞዝ የለም ማለት ነውና።

እኛን ብትጠይቁን ቅይጡን እንመርጣለን። ደሞዝና መኪናው ከበጀት፤ ትልልቅ ሚዛንና ማደያ ያላቸው በመጠናቸው ይክፈሉ፤ ለአንድ ሚዛን ባለቤት ክፍያው እዚህ ግባ የማይባል ይሁን። ሸማች ጠቁሞ የሚደረግ ፍተሻ ደግሞ ማንንም አያስከፍል።

እስከዚያው እናንተ የምትችሉት አለ። ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ሳህን ወይም ፌስታል ካለበት ክብደቱ ይቀነስ በሉ። የተፈተሸበት ምልክትና ቀን ካለውም ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ ያልተከፈተ 1 ኪሎ የታሸገ ስኳር ወይም ጨው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፤ ፍጹም ማስረጃ ባይሆንም ብዙ ከራቀ ለወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት የምትነግሩት ነገር ይኖራችኋል።

እኛም የወጥ ቤታችንን ሚዛን በስኳር ሞከርናት። 960 ግራም አለች። ለካ ከሽንኩርቱ የጎደለው 300 ግራም ውስጥ 200ው የእሷ ዕዳ ኖሯል፤ ከባለሱቁ ጋር የቀረን ክርክር የ100 ግራም ነው።