532፦ ፋሲካን የሚያዞረው ቁጥር

ገናን በላሊበላ ለማክበር የሚነሣ ምእመን ቀኑን ለማወቅ አይቸገርም። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ይመላለሳል። ይህን ምልልስ የሚገዛው ቁጥር 532 ነው፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ቁጥሩ የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። አራቱ ወንጌላውያን ዘመናቱን በየተራ ይይዛሉ፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ሰባቱ የሳምንቱ ዕለታት ናቸው። 19 ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ የሚገናኙበት የዓመታት ልክ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ልዩነትም ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

የቁጥሩ ትልቅነት ምስጢር ሦስቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆኑ ነው። 4 እና 6 ቢሆኑ ኖሮ በ24 ፈንታ በ12 በተገናኙ ነበር። እነዚህ ግን ምንም አያሳጥሩም፦ 19 በ4 ሲባዛ 76፣ እሱም በ7 ሲባዛ 532። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ዘመኑን፣ ዕለቱንና ጨረቃዋን በአንድነት ወደ መነሻቸው አይመልስም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ከ1 ጀምሮ ሦስት ሦስት እየጨመሩ 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያሉ እስከ 55 ቢሄዱ የሚገኙት ቁጥሮች 19 ናቸው፣ ድምራቸውም 532 ነው።

ስሌቱን በ2018 እንየው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ላይ ይውላል (ቢያንስ ኖሮ ጥቅምት ይሆን ነበር)። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25፣ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከል 34። 30ው ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486 ዓ.ም.፣ ፋሲካ የዋለው በዚሁ ቀን ነበር።

7518 ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። እንግዲህ ያለነው 1949 ዓ.ም. በጀመረው በ15ኛው ቀመር ውስጥ ነው። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ13ኛው ነበር፤ ከእሱ ዘመን ወዲህ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የተፈጸመው ቀመር ከ1417 እስከ 1948 ዓ.ም. ያለው አንዱ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ 2019ን ራስህ ሞክረው። መጥቅዑ 7 ሆኖ ጥቅምት ላይ ቅዳሜ ይውላል፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ሊወጣልህ ይገባል።