ለጋራዥ የሚሆን የሥራ መብራት፦ ብርሃን፣ ሙቀትና ጽናት



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ ከተለጠፈ ወዲህ በመተላለፊያው ላይ ያገኘኝ አንድ ባልደረባዬ «መብራት ለመግዛትም ሌክቸር ያስፈልጋል እንዴ?» ሲል ቀልዶብኛል። ጥያቄው በቀልድ ቢቀርብም ተገቢ ነው፤ መልሴንም ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ እጀምራለሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የክረምቱን ዕረፍት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጋራዥ በረዳትነት አሳልፌ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው የቤንዚን ማጣሪያ ሲፈቱ፣ እኔ በሽቦ ቅርጫት የተሸፈነ ባለ 220 ቮልት አምፖል ከሻንሲው ላይ አንጠልጥዬላቸው ነበር። መንጠቆው ተንሸራተተ፤ አምፖሉ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነበልባል በጉድጓዱ ወለል ላይ እንደ ውኃ ሲፈስ ነው። ጋሼ በሕይወት ወጡ። ቀኝ እጃቸው ግን ትንንሽ ቡሎን አጥብቆ የመያዝ ኃይሉን ዳግመኛ አላገኘም። ያንን መንጠቆ በሚገባ ባለማጥበቄ ለብዙ ዓመታት ራሴን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ኋላ ላይ ፊዚክሱን በሚገባ ሳጠናው መንጠቆው የጥፋቱ ትንሹ ክፍል መሆኑን ተረዳሁ። መብራቱ ቀድሞውኑ እዚያ ቦታ መግባት ያልነበረበት መብራት ነበር።

ነገሩን ከፋፍለን እንየው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንኳ ተቀጣጣይ ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ እየተንሸራተተ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና እዚያው ይተኛል። በአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ከመቶ 1.4 ያህል ሲደርስ ለመቀጣጠል በቂ ነው። በሌላ በኩል የአምፖሉ የተንግስተን ክር ሲበራ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። መስታወቱ ሲሰበር ክሩ ወዲያው አይቀዘቅዝም፤ ተኑን ለመለኮስ ደግሞ የሴኮንድ ሽራፊ ይበቃዋል። 220 ቮልቱን በዚያ ቀን አልቀመስነውም፤ እርሱ ዕድል ነበር እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም።

የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ ወደሚታይ ብርሃን አይለውጥም፤ የቀረው ሙቀት ነው። ብዙ ጋራዦች የሚጠቀሙበት የሃሎጅን ፓውዛም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እንዲያውም በውስጡ ያለው የሃሎጅን ዑደት እንዲሠራ የአምፖሉ ግድግዳ ራሱ ከ250 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ቅባት በነካው ቱታ አጠገብ ቦታ የለውም። ብርሃን አመንጪ ዳዮድ፣ በተለምዶ ኤልኢዲ የምንለው፣ ነገሩን የለወጠው እዚህ ላይ ነው። ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 እ.ኤ.አ. ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ካሳየ በኋላ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ሰማያዊው እስኪፈጠር ድረስ መጠበቅ ግድ ነበር፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ለዚህ ሥራቸው በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተጋርተዋል። የ60 ዋት ክር አምፖል የሚሰጠውን 700 ሉመን ያህል ብርሃን ዛሬ 8 ዋት ገደማ በሚወስድ ኤልኢዲ እናገኘዋለን። የሚሰበር ክርም የለውም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ኤልኢዲ ስለማይግል ብቻ ተን ባለበት ቦታ ሁሉ ደኅና ነው ብለን መደምደም የለብንም። ማብሪያ ማጥፊያው ሲጫን ብልጭታ ይፈጥራል፤ የቻርጀሩ መሰኪያም እንዲሁ። «አይፒ 65» የሚለው ምልክት አቧራ እንደማያስገባና የውኃ ፍንጥቅታን እንደሚቋቋም ይነግረናል እንጂ ስለ ፍንዳታ አንዳች ነገር አይነግረንም። ለተቀጣጣይ ተን የተሠራ መብራት የራሱ ምርመራና ባለ ስድስት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የሚጻፍ የራሱ ምልክት አለው፤ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው። አቅም ለሌለው ጋራዥ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ የቤንዚን መስመር የሚፈታው ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን፤ መብራቱም ከሩቅ ይብራ፤ ሥራው ሳያልቅ ማብሪያውን ማንም አይንካ።

ከእሳት ቀጥሎ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። መካኒኩ በላብ በራሰ ልብስ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ በአንድ እጁ ሻንሲ፣ በሌላው መብራት ይይዛል፤ ለአደጋ ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ ማሰብ ያስቸግራል። ባለ ገመድ መብራት የግድ ከሆነ ባለ 12 ወይም ባለ 24 ቮልት ይሁን፤ ቮልቱን የሚቀንሰውም ሁለቱን ጥቅሎች ለይቶ የሚያስቀምጥ ትራንስፎርመር ይሁን። ተማሪዎቼ ይህን ልብ በሉ፤ ባለ አንድ ጥቅሉ ዓይነት ቮልቱን ቢቀንስም ከመስመሩ አይለይም። ከነመገጣጠሚያው አንዱ ሽቦ ቢላቀቅ ሙሉው 220 ቮልት በመካኒኩ እጅ ላይ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ጽናት ልምጣ፤ ጋራዥ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሁሉም የሚያማርረው በዚህ ነውና። ሻጩ «አይሰበርም» ሲል ምን ማለቱ ነው? አካሉ ምታትን የመቋቋም አቅሙ አይኬ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ አይኬ 07 ማለት 2 ጁል፣ አይኬ 08 ማለት 5 ጁል፣ አይኬ 10 ማለት 20 ጁል ነው። እስቲ እናስላው። 400 ግራም የሚመዝን መብራት 1.5 ሜትር ከፍታ ካለው ኮፈን ላይ ቢወድቅ 5.9 ጁል ያህል ይዞ ወለሉ ላይ ያርፋል። ምርመራው በመዶሻ የሚደረግ ስለሆነ ከውድቀት ጋር አንድ ነው አልልም፤ ሆኖም አይኬ 07 የተጻፈበት መብራት ለጋራዥ ወለል እንደማይበቃ ቁጥሩ ራሱ ይነግረናል።

ምታትን የተቋቋመ መብራት በቤንዚን ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የብዙ መብራቶች ፊት የሚሠራው ከፖሊካርቦኔት ነው፤ በመዶሻ ብትመቱት ይችለዋል። መካኒኩ ግን ማታ ላይ ግሪሱን የሚያጸዳው በምንድን ነው? በቤንዚን በራሰ ጨርቅ። በቡሎን ተወጥሮ የታሰረ ፖሊካርቦኔት ቤንዚን ወይም የፍሬን ማጽጃ ሲነካው ከውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ምታት ያፈርሰዋል። ይህ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያለው ቁራጭ ከእንዲህ ዓይነት መብራት ላይ የተወሰደ ነው። ስለዚህ መብራቱን በሳሙና ውኃ አጽዱት። የአካሉ ቅርፊት ከናይለን ቢሆን ዘይትና ቤንዚንን በሚገባ ይቋቋማል። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ተራው የፒቪሲ ገመድ ዘይት እየነካው ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በጎማ፣ በተለይም በኒዮፕሪን የተሸፈነው ግን ለስላሳ እንደሆነ ይኖራል። በእጃችሁ እጠፉት፤ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ከተቃወማችሁ ተዉት።

የኤልኢዲ ሌላው ጠላት የራሱ ሙቀት ነው። ከክር አምፖል ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሙቀት አልባ አይደለም። ሙቀቱ ከቺፑ ወደ አሉሚኒየም አካል ተሸጋግሮ መውጣት አለበት፤ መውጫ ሲያጣ ብርሃኑ ከወር ወር ይደክማል። ሲነሣ እንደ ባዶ ቆርኪ የሚቀልል «ባለ 50 ዋት» ፓውዛ ካያችሁ ያንን ዋት አትመኑ።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልቆይ፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማችን ባለ ባትሪው ተመራጭ እየሆነ መጥቷልና፤ ማታለሉም የበዛው እዚሁ ላይ ነው። 18650 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ስሙን ያገኘው ከመጠኑ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። እውነተኛው ሲበዛ ከ3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት እምብዛም አይዘልልም። 9,900 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሉመኑንም በዚሁ መንገድ መመርመር ይቻላል። ማሸጊያው «2,000 ሉመን፣ 8 ሰዓት» ይላል እንበል። ለአንድ ዋት 100 ሉመን ብንሰጠው 20 ዋት ይፈልጋል፤ በ8 ሰዓት 160 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በውስጡ ያለው አንድ ባለ 2,500 ባትሪ ግን የሚይዘው 9 ዋት ሰዓት ነው። ያ ብርሃን ሃያ ሰባት ደቂቃ ያህል ይቆያል ማለት ነው። ይህን ስሌት መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሻጭ ሳሳየው «ዶክተር፣ እኛ የምንሸጠው መብራት ነው፣ ሒሳብ አይደለም» ብሎኛል። ባትሪው የሚለወጥ ይሁን፤ ከጥቂት መቶ ጊዜ ሙሊት በኋላ አቅሙ መውረዱ ስለማይቀር፣ ታሽጎ የማይከፈት መብራት ከነጤናማ አካሉ ይጣላል።

ብርሃኑ ራሱ እንዴት ያለ ይሁን? ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ወዲህ ብርሃን የበዛ ሁሉ የተሻለ እንደማይሆን በዓይኔ አውቄአለሁ፤ ነጥብ ሆኖ የሚወጋ ብርሃን በሚያብረቀርቅ ቡሎን ላይ ሲያርፍ ያሳውራል። ሰፋ ያለና የለዘበ ፊት ያለው ይሻላል። ርቀቱም ወሳኝ ነው፤ ከትንሽ መብራት ርቀታችሁን ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ብታሳድጉ የሚደርሳችሁ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ጠንካራ ማግኔትና የሚታጠፍ አንገት ከተጨማሪ ሺህ ሉመን ይበልጣል። ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታው፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ ከ100 ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ይሁን። ወለል ላይ የተንጠባጠበው ቀይ የካምቢዮ ዘይት ይሁን ወይስ ቡናማ የሞተር ዘይት መለየት ያለበት መካኒክ፣ ሁሉንም ግራጫ በሚያደርግ መብራት ሥር ይሳሳታል። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋራዦቻችንን እየሞሉ ነው፤ በእነርሱ ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ ማለት ገዳይ ቮልት ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም መርገብገብ ነው። ርካሽ መብራት ከ50 ኸርዝ መስመራችን ጋር አብሮ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስድስት ክንፍ ያለው የራዲያተር ቬንትሌተር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ቦታ በሴኮንድ ስንት ክንፍ ያልፋል? ልክ 100። በዚያ መብራት ሥር ቬንትሌተሩ የቆመ ይመስላል፤ ቺንጋ ለማጥበቅ እጁን የሚሰድ ረዳትም የቆመ ነው ብሎ ይሰዳል።

ዋጋን በሚመለከት ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ለአንድ ጋራዥ አንድ መብራት ብቻ ቢፈቀድ የትኛው?» ብለው ነው። እኔ ሁለት መካከለኛ መብራት ከአንድ ውድ እመርጣለሁ፤ ሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን ጥላን ያጠፋል፣ አንዱ ሲሞላም ሌላው ይሠራል። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት፣ ሦስት መብራቶች ጠረጴዛው ላይ በርተዋል። የስልካችሁን ካሜራ አውጡና አንድ በአንድ ተመልከቷቸው፤ ጥቋቁር መስመሮች የሚሮጡበትን ስታገኙ ንገሩኝ።